የካባ ፍንዳታ ነው ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ? የወሎን ንዝረት ለይቶ የማንበብ አሠራር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ መስኮት ሲንቀጠቀጥ ሁለት ጥርጣሬ አብሮ ይመጣል። አንዱ «ካባ ላይ ድማሚት አፈነዱ» የሚል ነው፤ ሌላው «ምድሩ ነው» የሚል። ሁለቱም ከሜዳ የተነሱ አይደሉም። ለጠጠር፣ ለመንገድና ለባቡር ዋሻ ሲባል በአካባቢያችን አለት በፈንጂ ይሰበራል። ምድሩም ቢሆን ዝም ብሎ የተኛ አይደለም፤ ወሎ የተቀመጠው ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል። በ1961 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችው ሰርዶ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የቀለጠ አለት ከሥር ገብቶ 60 ኪ.ሜ. የሚያህል ምድር ሰንጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈንታሌና የዶፈን ንዝረት አዲስ አበባን ሳይቀር ከእንቅልፏ ቀስቅሷታል።

እንዲህ ባለ አገር «ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ በመረጃ የሚመልስ ሰው በየከተማው ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው ለፊዚክስ መምህራን፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የንዝረት መለኪያ ገዝቶ ቤቱ ለማስቀመጥ ለሚያስብ ሰው ነው። ሰው ሲደነግጥ ወሬ ከመረጃ ይቀድማል፤ ወሬው ደግሞ ከንዝረቱ በላይ ቤት አስለቅቆ ያስወጣል።

መጀመሪያ፦ ሁለቱ የሚለያዩበት ሥር

መሣሪያ ከመግዛት በፊት ይህን መረዳት ይበልጣል። ፈንጂ በተቀበረበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለውን አለት በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣው ግን በስንጥቅ ግራና ቀኝ ያለው አለት ተያይዞ ቆይቶ ድንገት ሲንሸራተት ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል የቆመውን መለኪያ ይገፋዋል፤ በሌላ በኩል የቆመውን ወደ ራሱ ይስበዋል።

መግፋትና መጭመቅ ቀድሞ የሚደርሰውን ፒ ሞገድ ይወልዳል። ፒ በጠንካራ አለት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪ.ሜ. ገደማ ይጓዛል። መንሸራተት ደግሞ በዋናነት ኤስ ሞገድን ይወልዳል፤ የእሱ ፍጥነት በሰከንድ 3.5 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ፍጹም ክብ ሆኖ የሚገፋ ፈንጂ ቢኖር ኤስ ባልወለደ ነበር። በእውነተኛው ምድር ግን አለቱ ሲሰነጠቅና ሞገዱ ከመሬት ገጽ ጋር ሲጋጭ የተወሰነ ኤስ መፈጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ኤስ አለ ወይ?» ሳይሆን «ኤስ ከፒ አንጻር ምን ያህል ነው?» ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ልዩነት ጥልቀት ነው። የካባ ጉድጓድ የሚቆጠረው በሜትር ነው፤ የኒውክሌር ፍተሻ እንኳ ቢሆን ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይዘልም። ከ10 ኪ.ሜ. በታች መነሳቱ በአስተማማኝ የተረጋገጠ ንዝረት ሰው ያፈነዳው ሊሆን አይችልም።

ይህ ዕውቀት ያደገው በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ምክንያት ነው። አሜሪካ በ1957 እ.ኤ.አ. ኔቫዳ ውስጥ ሬኒየር የተባለውን 1.7 ኪሎ ቶን ፍተሻ ሙሉ በሙሉ ከመሬት በታች አካሄደች። በ1963 የተፈረመው ስምምነት በአየር፣ በኅዋና በውኃ ውስጥ መፈተሽን ሲከለክል ፈራሚዎቹ ፍተሻቸውን ወደ ከርሰ ምድር አስገቡት፤ ፍንዳታን ከመንቀጥቀጥ መለየትም የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። በ1996 ለፊርማ የቀረበው አጠቃላይ የኒውክሌር ፍተሻ እገዳ ስምምነት 50 ዋና እና 120 ረዳት የርዕደ መሬት ጣቢያዎችን ይዘረዝራል። ከረዳቶቹ አንዱ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1996 ፈርማ በ2006 አጽድቃለች። ዓለም ቦምብ የሚቆጣጠርበት ዘዴና እኛ የካባ ድማሚት የምንለይበት ዘዴ ሥሩ አንድ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ሳትነግሩ አትለፉ።

መሣሪያውና ቦታው

ለትምህርት ቤት የሚበቃው ራስበሪ ሼክ የሚባለው አነስተኛ መለኪያ ነው። ውስጡ ጂኦፎን (የመሬትን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዳሳሽ) አለው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ያነብባል። ላይና ታች ብቻ የሚለካ አለ፤ በሦስት አቅጣጫ የሚለካም አለ። አቅም ካለ ባለ ሦስቱን ምረጡ፤ ኤስ ጎልቶ የሚታየው ወደ ጎን በሚለኩት ላይ ነው።

ፎቅ ላይ አታስቀምጡት፤ ፎቅ የራሱ መወዛወዝ አለው። ምድር ቤት፣ በቀጥታ መሬት ላይ ባረፈ ኮንክሪት ወለል ላይ ይሁን። ዋልካ አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ወለሉን ስለሚያዛባ፣ ጥቁር ድንጋዩ ወደ ላይ ቀረብ ያለበትን ሥፍራ ፈልጉ። ከወፍጮ ቤት፣ ከአስፋልት ዳርና ከባሕር ዛፍ ራቁ። ነፋስ ዛፉን ሲወዘውዝ ሥሩ መሬቱን ይነቀንቃል፤ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪናም ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይሰማል። ቦታው ላይ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ቅረጹና ተመልከቱት። በስፔክትሮግራም (ንዝረቱን በጊዜና በድግግሞሽ ዘርዝሮ በሚያሳይ ሥዕል) ላይ ከ24 እስከ 25 ሄርዝ (በሰከንድ ከ24 እስከ 25 ጊዜ መወዛወዝ ማለት ነው) አካባቢ ሳይቋረጥ የሚሄድ ቀጭን መስመር ካያችሁ በመብራት የሚሠራ ሞተር በአቅራቢያችሁ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወፍጮ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ የግድ ነው። ሌላው የግድ ጂፒኤስ ነው። መለኪያው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ መብራትም ጠፍቶ ከተመለሰ ሰዓቱ ይሳሳታል። ሰዓቱ የተሳሳተ ቅጂ ደግሞ ከሌላ ጣቢያ ጋር አይነጻጸርም። በዩኤስቢ የሚሰካ የጂፒኤስ መቀበያ ይህን ችግር ይፈታል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። መሣሪያውን ከመትከላችሁ በፊት ለቀበሌውና ለፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ሽቦና አንቴና ያለው ሳጥን ሰው ቢያስጠረጥር አይፈረድም። ፍንዳታ ለማየት ብላችሁም ያለ ኃላፊው ፈቃድ ወደ ካባ አትጠጉ፤ በሜዳ የተጣለ ተተኳሽ ወይም ሽቦ የወጣለት ነገር ካያችሁ ሳትነኩ ርቃችሁ ለፖሊስ ተናገሩ።

ሰዓት ማቀናጀት

መለኪያው የሚመዘግበው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ቀንሱ። በመዝገቡ ላይ 8፡20 ከተጻፈ ለእኛ ከጠዋቱ 5፡20 ነው። 17፡40 ከሆነ 14፡40 ይሆናል፤ ከ12 በላይ ስለሆነ 12 ሲቀነስለት ከምሽቱ 2፡40 ማለት ነው። ሰው «ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተሰማኝ» ሲላችሁ በተቃራኒው 3 ደምሩ፤ መዝገቡ ላይ 12፡00 አካባቢ ፈልጉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሰው የሰማነውንና መሣሪያው የጻፈውን የሚያገናኘው ድልድይ ይህ ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በምስክር የተረጋገጠ መዝገብ

ካባ የሚሠሩትን ሄዳችሁ አነጋግሩ። የምትጠይቁት፦ ፍንዳታው በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው፣ ስንት ጉድጓድ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው ወይስ በየተራ፣ በየተራ ከሆነ በመካከሉ ስንት ሚሊ ሰከንድ ነው። ኃላፊዎቹ ብዙ ጊዜ ይተባበራሉ፤ የጎረቤት ቤት ተሰነጠቀ የሚል ቅሬታ ሲመጣባቸው የእናንተ መዝገብ ለእነሱም ይጠቅማል። ለቅሬታ አቅራቢውም እንዲሁ።

ጊዜውና ቦታው የታወቀ ፍንዳታ ሀብት ነው። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ኢግል የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዳ፣ በ1 ሺህ ገደማ መለኪያ ሞገዱን እየቀረጸ ከሥሩ ያለውን የምድር ቅርፊት መርምሯል። ይህ የሆነው ሞገዱ መቼና ከየት እንደተነሳ በትክክል ስለታወቀ ነው። የእናንተም የካባ መዝገብ በትንሹ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በኋላ የማይታወቅ ንዝረት ሲመጣ የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው።

ንባቡ

አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም። የሚቀጥሉትን ሁሉንም አድርጉና ስንቱ ወደ አንድ ወገን እንዳደላ ተመልከቱ። ለማየት ስዋርም የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ የሚችል ኦብስፓይን ይጠቀም።

*ርቀት።* ፒ የገባበትንና ኤስ የገባበትን ሰከንድ አንብቡ፤ ልዩነቱን በ8 አባዙ። የሚገኘው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ 1.5 ሰከንድ ከሆነ 12 ኪ.ሜ. ነው፤ ለደሴ መለኪያ ይህ የኮምቦልቻን አካባቢ ይጨምራል። 10 ሰከንድ ከሆነ 80 ኪ.ሜ. ነው፤ ወልድያ፣ ካራ ቆሬ፣ ወይም ወደ አፋር የሚወርደው ምድር ሊሆን ይችላል። አንድ መለኪያ አቅጣጫን በአስተማማኝ አይነግርም። ስለዚህ ልዩነቱ በእጃችሁ ላለው የካባ ርቀት የማይመጥን ከሆነ ያ ካባ ከተጠርጣሪነት ወጣ ማለት ነው።

*የድምፅ መድረስ።* ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም በርካሽ መሣሪያ እንኳ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ገላጣ ካባ ላይ የሚነሳ ፍንዳታ አየሩንም ይመታል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከ12 ኪ.ሜ. ሲመጣ 35 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ፒ ግን በ2 ሰከንድ ደርሷል። ስለዚህ በቅጂው ላይ ከፒ በኋላ 33 ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ አጭርና ስል የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚታይ ምት ፈልጉ። መስኮት የሚያንቀጫቅጨውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የአየር ምት ነው። ካገኛችሁት ትልቅ ማስረጃ ነው። ካጣችሁት ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ነፋስ ወስዶት፣ ተራራ ጋርዶት፣ ወይም ፍንዳታው ዋሻ ውስጥ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

*የመጀመሪያው እንቅስቃሴ።* የፒ የመጀመሪያዋ ጫፍ ወደ ላይ ናት ወይስ ወደ ታች? ፍንዳታ በየትኛውም ቦታ ያለውን መለኪያ ስለሚገፋ ጫፏ ሁልጊዜ ወደ ላይ መሆን አለባት። በአንድ ጣቢያ ወደ ላይ መሆኗ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መንቀጥቀጥም ግማሹን አቅጣጫ ይገፋል። በግልጽ ወደ ታች ከሆነች ግን ፍንዳታ የመሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። በቅድሚያ የመለኪያችሁ ገመድ ተገልብጦ እንዳልተሰካ አረጋግጡ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ትልቅ መንቀጥቀጥ ስትቀርጹ ከፉሪ ጣቢያ ቅጂ ጋር አስተያዩት። የፉሪ መረጃ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ጫፏ ከጩኸቱ (ከአካባቢው የዘወትር ንዝረት) ጋር ተቀላቅላ ካልለየች ዝለሉት፤ በግምት ምልክት አታድርጉ።

*የፒና የኤስ ንጽጽር።* ቅጂውን ከ6 እስከ 12 ሄርዝ በሚያሳልፍ ፊልተር አጣሩ። በፒ ክፍል ያለውን ከፍተኛ መጠን በኤስ ክፍል ባለው ከፍተኛ መጠን አካፍሉ። ፍንዳታ ላይ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል፤ መንቀጥቀጥ ላይ ኤስ ስለሚገዝፍ ዝቅ ይላል። በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ለምሳሌ ከ1 እስከ 2 ሄርዝ፣ ልዩነቱ ይደበዝዛል፤ ከፍ ባለው ላይ እንድትሠሩ የምመክረው ለዚህ ነው። ለሁሉም ቦታ የሚሠራ መቁረጫ ቁጥር የለም። የራሳችሁን መቁረጫ የምታገኙት በምስክር ከተረጋገጡት ፍንዳታዎችና በተመሳሳይ ርቀት ከተነሱ የታወቁ መንቀጥቀጦች ነው። በአንድ ጣቢያ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ሐይቅ ከተማ ወይም ከሚሴ ያለ ወዳጅ ሌላ መለኪያ ካለው የሁለታችሁን አማካይ ውሰዱ።

*በስፔክትሮግራም ላይ የሚታዩ አግድም መስመሮች።* ካባ ላይ ጉድጓዶቹ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት በየተራ ይፈነዳሉ። ይህ ድንጋዩን በደንብ ይሰብራል፤ ንዝረቱንም ይቀንሳል። መደጋገሙ ግን አሻራ ይተዋል። በመካከሉ 50 ሚሊ ሰከንድ ካለ 20 እና 40 ሄርዝ ላይ የደመቁ አግድም መስመሮች ይወጣሉ፤ ከፒ ጀምረው ንዝረቱ እስኪሞት ድረስ ሳይዛነፉ ይዘልቃሉ። ልዩነቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ በየ10 ሄርዙ ናቸው። 25 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር 40 ሄርዝ ላይ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያነብ መሣሪያ ከ50 ሄርዝ በላይ ስለማያይ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ሁለት ማጣሪያ አድርጉ። መስመሩ ከንዝረቱ በፊትም ከነበረ ወፍጮው ነው። በታወቀ መንቀጥቀጥ ላይም የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የቤታችሁ ወይም የአፈሩ የራሱ ንዝረት ነው። ሁለቱንም ያለፈ መስመር ካገኛችሁ በየተራ የፈነዳ ካባ መሆኑን በልበ ሙሉነት መጻፍ ትችላላችሁ።

*የገጽ ሞገድ።* ከኤስ በኋላ ዘግየት ብሎ፣ ወፈርና ቀስ ያለ፣ በአንድና በሁለት ሄርዝ አካባቢ የሚወዛወዝ ሞገድ ከታየ ምንጩ ለመሬት ገጽ ቅርብ ነው። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በታች የሚነሳ መንቀጥቀጥ ይህን ብዙም አያወጣም። ጥልቀት የሌለው መንቀጥቀጥ ግን ያወጣዋል፤ ስለዚህ ደጋፊ ማስረጃ እንጂ ፈራጅ አይደለም።

በዓለም አቀፍ ዝርዝር ላይ የሚታየውን ጥልቀትም በጥንቃቄ አንብቡ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ዝርዝር ላይ «10 ኪ.ሜ.» የሚለው ብዙ ጊዜ ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ ጥልቀቱን መለየት ሳይቻል ሲቀር የሚሞላ ቁጥር ነው። «ሁሉም በ10 ኪ.ሜ. ነው፣ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ነው» የሚል ክርክር ከሰማችሁ መልሱ ይኸው ነው።

የሰዓት ሥርጭት

የብዙ ወራት መዝገብ ሲጠራቀም የንዝረቶቹን ሰዓት በሠንጠረዥ ቁጠሩ። ካባ የሚፈነዳው በሥራ ሰዓት ነው፤ እሁድና በትልልቅ በዓላት ይቀንሳል። መንቀጥቀጥ ሰዓት አይመርጥም። ደግሞም ሌሊት መኪናውም ወፍጮውም ስለሚተኛ ትንንሽ መንቀጥቀጦች የበለጠ የሚመዘገቡት በሌሊት ነው። እንግዲያው ጩኸት በሚበዛበት በቀን የተመዘገበው ከሌሊቱ በልጦ ከተገኘ በውስጡ ፍንዳታ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

መጠኑ ራሱ የሚናገረው

ትልቅ ንዝረት በደረሰ ቁጥር «ከመሬት በታች አንድ ነገር አፈነዱ» የሚል ወሬ ይነሳል። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሒሳብ ይበቃል። ከኒውክሌር ፍተሻዎች በተገኘው ልምድ 1 ሺህ ቶን ፈንጂ በጠንካራ አለት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ የንዝረቱ መጠን (ማግኒቲዩድ) 4 አካባቢ ይሆናል። 5 ለመድረስ እንደ አለቱ ዓይነት ከ5 ሺህ እስከ 20 ሺህ ቶን ይፈልጋል። ተሳቢ መኪና 40 ቶን ቢጭን ትንሹ ግምት እንኳ 125 መኪና ፈንጂ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ተቀብሮ በአንዲት ቅጽበት መፈንዳት አለበት። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መተሐራ አካባቢ የደረሰው መጠኑ 6.0 ነበር፤ ያ ከ100 ሺህ ቶን በላይ ይጠይቃል። የወሎ ካባ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለም። ይህን ስሌት በአማርኛ፣ በወረቀት ላይ፣ ለሰፈር ሰው አሳዩት፤ ከረጅም ንግግር ይልቅ ያረጋጋል።

ለትልልቆቹ ሌላም መለያ አለ። ከፒ የሚሰላው የአካል ሞገድ መጠንና በ20 ሰከንድ ዑደት ከሚወዛወዘው የሚሰላው የገጽ ሞገድ መጠን ይነጻጸራሉ፤ ፍንዳታ ላይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ዝቅ ይላል። ሰሜን ኮሪያ በመስከረም 3፣ 2017 እ.ኤ.አ. ያደረገችው ፍተሻ በአካል ሞገድ 6.3 ሆኖ በገጽ ሞገድ 5 አካባቢ ነበር። 8 ደቂቃ ተኩል ገደማ ቆይቶም የተቦረቦረው ተራራ ሲደረመስ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ንዝረት ተመዝግቧል። የ20 ሰከንዱን ሞገድ ራስበሪ ሼክ በቅጡ ስለማያየው ለዚህ የፉሪን ቅጂ ተጠቀሙ።

ውሳኔውን መጻፍ

በመዝገባችሁ አራት ስያሜ ብቻ ይኑር፦ «ፍንዳታ፣ በምስክር»፣ «ፍንዳታ፣ በምልክት»፣ «መንቀጥቀጥ»፣ «ያልተለየ»። የመጨረሻውን ለመጻፍ አትፈሩ። በነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. ከኖቫያ ዜምሊያ የፍተሻ ሥፍራ ወዲያ ካራ ባሕር ውስጥ የተነሳ አነስተኛ ንዝረት መጀመሪያ ላይ ለሩሲያ የኒውክሌር ፍተሻ ተቆጥሮ መንግሥታትን አነጋግሯል፤ ቅጂው በጥንቃቄ ሲመረመር መንቀጥቀጥ ሆኖ ተገኝቷል። በዓለም ምርጥ መሣሪያ ይህ ከተፈጠረ፣ በአንድ ጂኦፎን የምንሠራ ሰዎች ባልተለየው ላይ መቸኮል የለብንም።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ርቀቱን፣ የመጀመሪያዋን ጫፍ አቅጣጫ፣ የፒና ኤስ ንጽጽሩን፣ በስፔክትሮግራም ላይ አግድም መስመር፣ በቅጂው ላይም የድምፅ ምት መኖር አለመኖሩን አስፍሩ። ሰው ሁሉ የተሰማው ንዝረት ከሆነ ቅጂውን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ላኩ። የስክሪን ፎቶ አትላኩ፤ ከፎቶ ላይ ምንም ሊሰላ አይችልም። ከንዝረቱ በፊት 5 ደቂቃ፣ በኋላም 10 ደቂቃ ያለውን ጥሬ ፋይል ሚኒሲድ በተባለው የርዕደ መሬት መረጃ ፎርማት እንዳለ፣ ከመለኪያው ቦታ ልኬትና ሰዓቱ በዚያን ጊዜ በጂፒኤስ ይሠራ እንደነበር ከሚገልጽ አንድ መስመር ጋር ላኩ።